ስሎዝ እና የወንዝ ስቲንግሬይ፦ ማን ነው ሰነፉ? ፉል ተወራርደናል

የከዚራ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡15

ሰላም ጀማዓ። ዳኛ እንፈልጋለን።

ትናንት አራት ሆነን ከዚራ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ነበር። የድሬን የግንቦት ከሰዓት ታውቁታላችሁ። ባጃጁ ሁሉ ጥላ ተሻምቶ ቆሟል። አንዱ ጓደኛችን ስልኩ ላይ የስሎዝ ቪዲዮ ከፈተ። ያ ዛፍ ላይ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ የሚኖረው፣ ፊቱ ሁሌም ፈገግ ያለ የሚመስለው እንስሳ። ቅርንጫፍ ለመያዝ እጁን ዘረጋ። እኔ ሻዬ ውስጥ ስኳር ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ እፍ እፍ ብዬ ፉት አልኩ። እሱ ገና እየዘረጋ ነው። «በቃ፣ ከዚህ የባሰ ሰነፍ አልተፈጠረም» አለ ጓደኛችን።

ሌላኛው ደግሞ ነገር የሚያሳልፍ ሰው አይደለም። «የወንዝ ስቲንግሬይን አላየህማ!» አለና የራሱን ቪዲዮ አወጣ። ለማታውቁት፣ ክብ ዝርግ ዓሣ ነው። ምጣድ ላይ ጅራት ቀጥላችሁ ውሃ ውስጥ ብትለቁት እሱን ነው የሚመስለው። ቡናማ ጀርባው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አለበት፣ እንደ እንጀራ ዓይን ክብ ክብ ያለ። ወንዙ ወለል ላይ አረፈ። የክንፉን ዳር ሁለት ሦስቴ አርገበገበ። አሸዋው ተነሳና ተመልሶ ጀርባው ላይ ተነጠፈ። ከዚያ ሁለት ዓይን ብቻ ቀረ። ቪዲዮው ስድስት ደቂቃ ነው። በቀረው አምስት ደቂቃ ምንም አልሆነም።

ተጨቃጨቁ። ውርርዱ ይሄ ነው፦ የተሸነፈው ሰኞ ጠዋት መጋላ ሁላችንንም ፉል ይጋብዛል። እኔ ገለልተኛ ነኝ፣ የሚያሳስበኝ ፉሉ ነው። አራተኛው ጓደኛችን ተኝቶ ስለነበር አስተያየት አልሰጠም።

ታይዋን ሱቅ | 10፡31

ስሎዝ። አለቀ። ክሩ ይዘጋ።

ጀጎል ውስጥ | 10፡40

ድሬዎች ሥራ ፈታችሁ ማለት ነው። እስስት እያለችላችሁ ብራዚል ድረስ ምን ወሰዳችሁ? እኔ አሁን ሐረር ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዷን እያየኋት ነው። ቡገንቪሊያው ላይ ናት። እግሯን ታነሳለች፣ ወደፊት ትላለች፣ ወደኋላ ትላለች፣ ሐሳቧን የቀየረች ትመስላለች፣ ከዚያ እዚያው ታስቀምጠዋለች። ከቀትር ጀምሮ ከግንቡ ተነስታ ሦስተኛው አበባ ጋ ነው የደረሰችው። እሷን ወክዬ ውርርዱ ውስጥ ገብቻለሁ።

ጠመኔ በእጄ | 11፡05

ባዮሎጂ ስለማስተምር አላስችል አለኝ። ሁለቱም ዝም ብለው ይውላሉ፣ ልክ ናችሁ። ዝም የሚሉበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ከስሎዝ ልጀምር። ባለሦስት ጣቱ ስሎዝ ኑሮው ቅጠል ነው። ቅጠል ጉልበት የለውም። ላም ቀኑን ሙሉ ስትግጥ፣ ሌሊቱን ስታመሰኳ የምታድረው ለዚህ ነው። ስሎዝ ብዙ በልቶ አያካክስም። ወጪውን ነው የቀነሰው። ሰውነቱ ምግብ የሚያቃጥልበት ፍጥነት፣ ሜታቦሊዝም የምንለው፣ እሱን በሚያህል አጥቢ እንስሳ ላይ ከሚጠበቀው ከግማሽ በታች ነው። አንዲት ቅጠል ሆዱ ገብታ እስክትወጣ ሳምንታት ልትፈጅ ትችላለች። የሰውነት ሙቀቱን እንኳ እንደኛ 37 ላይ ይዞ አይቆይም። ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ወጣ ገባ ይላል። ሲበርደው ፀሐይ ይሞቃል። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ታክሲ ትቶ በእግሩ ቢሄድ ሰነፍ ትሉታላችሁ?

ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ይተኛል» የሚባለው ከመካነ እንስሳት የመጣ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናማ ጫካ ውስጥ ያሉ ስሎዞች ራስ ላይ የአንጎል ሞገድ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አስረው ለኩ። በቀን 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የሚተኙት። ከአራተኛው ጓደኛችሁ ሳያንስ አይቀርም።

ታይዋን ሱቅ | 11፡12

ወላሂ አሳዘነኝ። ስሎዝን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዓሣውስ?

ደወሌ መስመር | 11፡48

ስቲንግሬይ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ረግጦት አያውቅም።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ጭነት ሲዘገይ አንዳንዴ ባሕር ዳር እንወርዳለን። አንድ ቀን ረዳቴ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ታች ድረስ ይታያል። አሸዋ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሦስት እርምጃ ሄደና ጮኸ። የጠርሙስ ስባሪ የረገጠ መሰለን። አሸዋው ቦግ ብሎ ተነሳ፤ ከውስጡ ቢጫ ቡናማ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ነገር ተፈተለከ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ዓሣ አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የለም።

ቁርጭምጭሚቱ ጋ ትንሽ ቀዳዳ ናት ያለችው። ደሙም ብዙ አይደለም። ግን ኩንታል በአንድ ትከሻው የሚያነሳ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጥቶ ስቆብን ሲያበቃ ምን አለ? «እግር አይነሳም፣ ይጎተታል።» አሸዋውን እየጫርክ ከሄድክ መምጣትህን ሰምቶ ራሱ ይሄድልሃል። ከላይ ስትረግጠው ነው ጅራቱን የሚያነሳው።

ማታ ተረኛ | ማታ 1፡20

ደወሌ፣ ምን አደረጋችሁለት?

ደወሌ መስመር | 1፡24

በረዶ ያዝንለት። ሲያቃስት አደረ።

ማታ ተረኛ | 1፡37

ያስጨነቃችሁት እናንተ ናችኋ! ነርስ ነኝ። የስቲንግሬይ መርዝ ሙቀት አይወድም። ሰው ሊታገሠው የሚችል ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ 45 ዲግሪ አካባቢ፣ እግሩን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መንከር ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀንሳል። ውሃውን መጀመሪያ በጤነኛው እግር ወይም በሌላ ሰው እጅ ሞክሩ፤ የታመመው እግር ሲቃጠልም አይታወቀውም። ከዚያ ሐኪም ቤት። እሾሁ ጥርስ ጥርስ ስላለው ስባሪው ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ ከተሰካ ደግሞ እንዳትነቅሉት፣ እንዳለ አምጡት። አውስትራሊያዊው ስቲቭ ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ2006 የሞተው ደረቱን ተወግቶ ነው።

ድሬ ባሕር የላትም ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። የከተማው ግማሽ ጅቡቲ ይመላለሳል።

የከዚራ ልጅ | 1፡45

እኔ ፉል ብዬ ነው የመጣሁት፣ ሕክምና ተማርኩ። ግን ደወሌ ያየው የባሕሩን አይደል? የኛ ውርርድ የወንዙ ላይ ነው። ለነገሩ ዓሣ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ባሕር ሆነ ወንዝ ምን ለውጥ አለው?

ጠመኔ በእጄ | 2፡30

ዋናው ነገር እሱ ነው። እራት በልቼ መጣሁ።

የባሕር ውሃ ጨው ነው። ጨው ደግሞ ውሃ ይስባል፤ ጎመን ላይ ጨው ስትነሰንሱ ውሃ የምታወጣው ለዚህ ነው። ሻርክና የባሕር ስቲንግሬይ እንዳይመጠጡ ደማቸው ውስጥ ብዙ ዩሪያ ያከማቻሉ።

ታይዋን ሱቅ | 2፡33

ዩሪያ? የገበሬው ማዳበሪያ?

ጠመኔ በእጄ | 2፡52

ራሱ። እኛ በሽንት የምናስወግደውን እነሱ ደማቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ታዲያ የደቡብ አሜሪካ የወንዝ ስቲንግሬይ ቅድመ አያቶች ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከባሕር ወደ ወንዝ ገቡ። ወንዝ ውስጥ ጨው የለም፣ ዩሪያው ምን ያደርጋል? ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1967 ተመራማሪዎች ደማቸውን ሲለኩ ከዘመዶቻቸው ጋር የማይወዳደር ትንሽ ዩሪያ ነው ያገኙት። አሁን ባሕር ውስጥ ብትከቷቸው ያንን ዩሪያ መልሰው ማከማቸት አይችሉም። ወጥተው በሩን ከኋላቸው ቆልፈው ቁልፉን ጥለውታል። ዛሬ ከ30 በላይ ዝርያ አላቸው፣ ሁሉም በአማዞን፣ በኦሪኖኮ፣ በፓራና እና በመሳሰሉት ወንዞች ነው የሚኖሩት። ባለ እንጀራ ዓይኑ ሞቶሮ ይባላል።

ሞቶሮ አሸዋ ሲለብስ አፉ ታች፣ ዓይኑ ላይ ነው። በአፉ ውሃ ልሳብ ቢል አሸዋ ይውጣል። ስለዚህ ከዓይኖቹ ኋላ ሁለት ቀዳዳ አለው። በዚያ ውሃ ይስብና በሆዱ በኩል ባለው ስንጥብ ያስወጣል። ቪዲዮውን መልሳችሁ እዩት፣ ከዓይኑ ጀርባ የሚከፈት የሚዘጋ ነገር አለ። ምንም አልሆነም ያልከው አምስት ደቂቃ ሲተነፍስ ነበር። ያዳምጥም ነበር። ቆዳው ላይ በዙሪያው ካሉ እንስሳት የሚወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ የሚሰማ ሕዋስ አለው። ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ፣ የነፍሳት እጭ፣ ትናንሽ ዓሣ ካገኘ ከላይ ይከደንበታል፣ እንደ አክንባሎ።

ሳቢያን ያደግኩ | 3፡15

ከቶሮንቶ ነኝ። መምህር፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው። እኔ መካነ እንስሳት ውስጥ ባለሁለት ጣት ስሎዝ አይቻለሁ…

ጠመኔ በእጄ | 3፡17

እርስዎ? ሳቢያን ነው ያደግከው ወይስ ሸዋ? የድሬ ልጅ አይደለሁ፣ አንተ በለኝ።

ሳቢያን ያደግኩ | 3፡24

ሃሃሃ፣ ስደት አበላሽቶኝ ነው። እሺ፣ አንተ። ሠራተኛዋ የነገረችንን ልንገራችሁ። ስሎዝ ሁሉ የኋላ እግሩ ላይ ሦስት ሦስት ጣት ነው ያለው። «ባለሁለት» «ባለሦስት» የሚባለው ፊት እጁ ተቆጥሮ ነው። አንገቱ ደግሞ ጉድ ነው። ሰው፣ ቀጭኔ፣ አይጥ፣ ሁሉም የአንገት አጥንታቸው ሰባት ነው። ባለሦስት ጣቱ ስሎዝ ስምንት ወይም ዘጠኝ አለው፤ ሰውነቱን ሳያንቀሳቅስ አንገቱን ብቻ ጠምዞ ዙሪያውን ያያል። ባለሁለት ጣቱ ግን ብዙውን ጊዜ ስድስት ነው ያለው።

የማልረሳው ፀጉሩን ነው። አረንጓዴ ጣል ጣል ያለበት ይመስላል ብዬ ስጠይቃት፣ ጫካ ውስጥ ያሉት ፀጉራቸው ላይ አልጌ ይበቅላል አለችኝ። የእሳት እራትም ይኖርበታል። የሚጸዳዳው በሳምንት አንዴ ያህል ነው፣ ባለሦስት ጣቱ ለዚያ ብሎ ከዛፉ ይወርዳል። እራቶቹ የዚያን ጊዜ ወርደው እንቁላላቸውን ኩሱ ላይ ይጥላሉ። አስቡት፣ ሳምንት ሙሉ የያዘውን ሲለቅ ከሰውነቱ ክብደት እስከ ሲሶ ሊቀንስ ይችላል።

ታይዋን ሱቅ | 3፡26

ሰው እራት ላይ ነው እኮ።

ጀጎል ውስጥ | 3፡41

እስስቷ ጨለመባት። በባትሪ አየኋት፣ ተኝታለች። ነጣ ብላለች።

ቆይ ግን፣ ሁለቱ አንድ አገር ከሆኑ ተገናኝተው ያውቃሉ? አንዱ ዛፍ ላይ፣ አንዱ ወንዝ ውስጥ።

ጠመኔ በእጄ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡10

ምርጥ ጥያቄ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

የዳቻቱን ልጅ ጎርፍ ምን እንደሆነ አልነግረውም። ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ይመጣል። በ1998 ክረምት ስንት ቤት እንደወሰደ እናውቃለን። አማዞን እንደዚያ አይደለም። ውሃው በወራት ነው ቀስ እያለ የሚነሳው፣ አንዳንድ ቦታ አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ። ጫካው ሳይነቀል ውሃ ውስጥ ይቆማል፣ ለወራት። ዓሣ በዛፎች መሀል ይዋኛል። ስቲንግሬዩም አብሮ ይገባል። ያን ጊዜ ስሎዙ ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ ስቲንግሬዩ ሥሩ ጋ ነው።

ስሎዝ ደግሞ ሲፈልግ ውሃ ውስጥ ይገባል። ምድር ላይ በሆዱ የሚጎተተው ምስኪን ውሃ ላይ ጎበዝ ዋናተኛ ነው። ከዛፍ ዛፍ በዋና ይሻገራል። ስለዚህ አዎ፣ የስሎዝ ሆድ በስቲንግሬይ ራስ ላይ ማለፉ አይቀርም። ሰላም ይባባሉ አይባባሉ አላውቅም።

ደወሌ መስመር | 2፡35

እግሩን እየጎተተ ነው መሻገር ያለበት።

ሳቢያን ያደግኩ | 2፡50

ፓናማ ባሕር ውስጥ አንዲት ደሴት አለች፣ ኤስኩዶ ደ ቬራጉዋስ የምትባል፣ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ድንክ ስሎዝ ይኖራል። የራሱ ዝርያ ነው ተብሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ደሴቷ ከዋናው ምድር ከተቆረጠች 9,000 ዓመት ገደማ ሆኗታል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው እያነሰ የሄደው። ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ማንግሮቭ ላይ ይንጠለጠላል። ሌላ ቦታ የለም፣ ከምድር ሊጠፉ ከተቃረቡት ውስጥ ነው።

ጠመኔ በእጄ | 3፡05

እሱን ካነሳህማ የባሰውን ልንገራችሁ። ድሮ የባሕር ስሎዝ ነበር። ታላሶክኑስ ይባላል። ፔሩ ባሕር ዳር ቅሪቱ ተገኝቷል። ከስምንት እስከ አራት ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ የባሕር ሣር ይበላ ነበር። ከታችኛው የድንጋይ ንጣፍ የወጡት የድሮዎቹ አጥንቶች ቀለል ያሉ ናቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ አጥንቱ እየከበደ፣ እየደፈነ ይሄዳል። ጠልቆ ወለሉ ላይ ለመቆም ክብደት ያስፈልጋል፣ አጥንቱን መልሕቅ አደረገው።

የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዓሣው ከባሕር ወጥቶ ጫካ ውስጥ ገባ። የዛፍ ሰው የምንለው የስሎዝ ዘመድ ደግሞ ባሕር ገባ። የዓሣው ተሳካ፣ የስሎዙ አልቆ ቀረ። እና እነዚህን ነው ሰነፍ የምትሉት።

ታይዋን ሱቅ | 3፡20

ሌላ ቦታስ የወንዝ ስቲንግሬይ የለም? ሐረማያ ብንጨምርበትስ? ደርቆ እንደገና ሞልቷል፣ ቦታ አለ።

ጠመኔ በእጄ | 3፡44

ሐረማያን ተዉልን፣ ብዙ አይቷል። አፍሪካ ውስጥ ካሜሩንና ናይጄሪያ አለ፣ ቤኑዌና ኒጀር ወንዝ ውስጥ። እጅግም ትልቅ አይደለም፣ ዋና ምግቡ የነፍሳት እጭ ነው። ትልቁ ሜኮንግ ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ካምቦዲያ ውስጥ 300 ኪሎ የሚመዝን፣ ወደ አራት ሜትር የሚረዝም ተይዞ ተመዝኖ ተለቋል። ግን እነዚህ ከደቡብ አሜሪካዎቹ ቤተሰብ አይደሉም፣ ወደ ወንዝ የገቡት በየራሳቸው መንገድ ነው።

የከዚራ ልጅ | 4፡00

መምህር፣ ፍርድ! ነገ ሰኞ ነው።

ጠመኔ በእጄ | 4፡30

ፍርዱ ያስቸግራል። ጉልበት ማነስ ከሆነ መለኪያው፣ ስሎዝ ከአጥቢዎች ሁሉ ቆጣቢዎቹ ውስጥ ነው። ግን ዓሣ ሰውነቱን ለማሞቅ ቀድሞውንም ምንም አያወጣም፤ ወንዙ የሞቀውን ያህል ይሞቃል። ቤቱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሰውና ድሬ ላይ የሚኖር ሰው የመብራት ሒሳብ እንደማወዳደር ነው። ፍጥነት ከሆነ ደግሞ ደወሌ መስክሯል፣ ስቲንግሬይ ሲፈልግ ይፈተለካል። ስሎዝ ቢፈልግም አይችልም፣ ጡንቻው የለውም። ልጅ ማሳደግ ከጨመራችሁ ሁለቱም አንደኛ ናቸው። ስሎዝ አንድ ልጅ ወልዳ ሆዷ ላይ ታዝላለች፣ ይቅርታ፣ ታቅፋለች። ስቲንግሬይ እንቁላል ጥላ አትሄድም፤ ልጆቿን ማህፀኗ ውስጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ እየመገበች አሳድጋ፣ እሾሃቸው እንኳ በቅሎ ነው የምትወልዳቸው።

ስለዚህ ፉሉን ሁለቱም እኩል ይክፈሉ።

ማታ ተረኛ | 4፡33

ወሊዱን ባታነሳው ነበር የሚገርመኝ። እሾሃቸው በቅሎ? እናትየዋ ታዲያ?

ጠመኔ በእጄ | 4፡39

እሾሁ ሲወለዱ ለስላሳ ልባስ አለበት። ተፈጥሮ አዋላጅ አላት።

የከዚራ ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡50

ሪፖርት። ለ1፡30 ተቀጣጥረን የስሎዙ ደጋፊ 3 ሰዓት መጣ። እንቅልፍ ጥሎት። የስቲንግሬዩ ደጋፊ ያን ሁሉ ጊዜ መጋላ በር ላይ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ጠበቀው። ሲያየው ግን ተፈናጥሮ ተነሳ፣ ዘለፋውን አልጽፈውም። ስንገባ ፉሉ አልቋል። እንቁላል ፍርፍርና ሙሸበክ በላን። አራተኛው ጓደኛችን ከፈለ፣ ለምን እንደሆነ ራሱም አልገባውም።

ታይዋን ሱቅ | 4፡58

ጀጎል፣ እስስቷስ?

ጀጎል ውስጥ | 5፡20

አምስተኛው አበባ ላይ ናት። ዝንብ አርፎላታል። አንድ ዓይኗ ወደኔ ነው፣ አንዱ ወደ ዝንቡ። ቆይ፣ እግሯን አነሳች።